ክቡር ግልባጭ እና አሥራ ሁለቱ ፖስታዎች

ደረጃ ያለው ሕንፃ ሁሉ አንድ ጠያቂ አያጣም። ስለ ጤናችሁ አይጠይቃችሁም፤ ስለ ልጆቻችሁም፣ ስለ ሥራችሁም አይጠይቃችሁም። ሁለት እጃችሁ በዕቃ ሞልቶ፣ የቤታችሁን ቁልፍ በጥርሳችሁ ነክሳችሁ ስትመጡ ጠብቆ ደረጃው ላይ ያቆማችሁና፣ “ግልባጭ አለህ?” ይላችኋል። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ሰፈር የለም የምትሉ ካላችሁ አልከራከርም፤ ምናልባት ጠያቂዎቹ ራሳችሁ ትሆናላችሁ።

የእኛ ጠያቂ ምድር ቤት ይኖራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት “ጋሼ” እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ ግን ማዕረጋቸው ከፍ ይላል፦ ክቡር ግልባጭ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ በጊዜው ምን ያህል እንደ ኮራሁበት አትጠይቁኝ።

ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው ኮምፒውተር ሸለሟቸው። ሌላ ጡረተኛ ቢሆን ዜና ያይበታል፣ ካርታ ይጫወትበታል። እሳቸው ግን በሦስተኛው ቀን “ይህ ዕቃ አንድ ቀን ይሞታል” ብለው ደመደሙ። ይህንንም ለብቻቸው ይዘው አልተቀመጡም። አሥራ ሁለቱን የሕንፃውን ቤቶች አንድ በአንድ እያንኳኩ መርዶውን አረዱን። የልጆቻችን ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃችን፣ የሥራ ወረቀታችን፣ ሁሉም በአንዲት መዳፍ በምታክል ብረት ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነገሩን። ብረቷም የሰው ፊት አታይም አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላም የለም። የሁለተኛ ፎቁ ሾፌር ኮምፒውተሩ ተሰርቆበት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ ክቡርነታቸው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ትከሻውን አቅፈው “እግዜር ያጥናህ ልጄ” አሉት። አብረውት ተከዙ፤ እንባውን እስኪጠርግ በትዕግሥት ጠበቁት። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው በለሆሳስ፣ “ግልባጭ አለህ?”

የጥርስ ሐኪሙ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን መንጋጋቸውን ሊያስነቅሉ እሱ ዘንድ ሄደው፣ ግማሽ ጉንጫቸው ደንዝዞ፣ ጉጠቱ አፋቸው ውስጥ ገብቶ ሳለ እጃቸውን አነሡ። አመማቸው ብሎ ደንግጦ ጉጠቱን አወጣ። ምራቃቸውን ዋጡና፣ “የጥርሴን ፎቶ ስንት ቦታ አስቀመጥከው?” አሉት። አንደኛ ፎቅ መንታ ሲወለድ ደግሞ ሁላችንም እናትየዋን “እንኳን ደስ ያለሽ” ስንል፣ እሳቸው ወደ አባትየው ዞረው እጁን አጥብቀው ጨበጡት። “አስተዋይ ሰው!” አሉት። “ገና ከመጀመሪያው በሁለት ቅጂ!”

ሕጋቸው አጭር ነው፦ “አንዱ በእጅ፣ አንዱ በቤት፣ አንዱ በሰው ቤት።” የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለእኛው ትተውልን ሦስተኛውን ራሳቸው አደራጁት። እያንዳንዱ ቤት ቢጠፋበት የሚያስለቅሰውን ፋይል ሁሉ ፍላሽ ላይ ይገለብጣል፤ ፍላሹ ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ፖስታው ይታሸጋል፤ ባለቤቱና እሳቸው እሽጉ ላይ ይፈርማሉ። ከዚያ ዕጣ ይወጣና ሌላ ቤት ይቀመጣል። በእኔ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከካልሲዎቼ ሥር፣ የጥርስ ሐኪሙ ፖስታ አለ። የእኔ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ፣ ክርና መርፌ በምታኖርበት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ይህም አልበቃቸውም። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ “የመመለሻ ቀን” የሚባል አመጡብን። አሥራ ሁለት የተጠቀለለ ወረቀት ባርኔጣቸው ውስጥ ይጨምሩና አንዱን ያወጣሉ። ዕጣው የደረሰበት ቤት ፖስታ ከተቀመጠበት ይመጣል፤ በሦስት ምስክር ፊት ይከፈታል፤ ፍላሹ ኮምፒውተራቸው ላይ ይሰካል። ዐይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ያሳርፉና “ይህን ክፈትልኝ” ይላሉ። ከተከፈተ ከመዝገብ ቤት ይዘውት የወጡትን የቀን ማኅተም ፖስታው ላይ “ጧ!” ያደርጉታል። ካልተከፈተ ወዮላችሁ፤ እስከሚቀጥለው ወር ደረጃው ላይ ሰላምታ የለም። “ያልተመለሰ ግልባጭ” ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ “ላም አለኝ በሰማይ ነው!”

የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ደረጃው ላይ ሲሰማ ሕንፃው እንዴት ጸጥ እንደሚል ብታዩ! ቴሌቪዥን ይቀነሳል፣ ድስት አይማሰልም፣ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። እኔማ ከሁሉም ብሼ አረፍኩት። ሦስት ጊዜ ዕጣ ወጣልኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሱቄ ገብቼ ተደበቅሁ። መነጽር ሠሪ ነኝ፤ “ጋሼ፣ ቅዳሜ ዐይን የሚበዛበት ቀን ነው” እላቸዋለሁ። ባለቤቱ በሌለበት ፖስታ አይከፈትም የሚል ሌላ ሕግ ስላላቸው፣ የእኔ ፖስታ አንድም ማኅተም ሳያይ ከክርና ከመርፌው ጋር ተኝቶ ኖረ።

እዚህ ላይ እህቴን ላስተዋውቃችሁ። ታናሼ ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው። መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማሪዎቿ ጋር ሆና የምልክት መዝገበ ቃላት ስትሠራ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ቃል የእጅ ፎቶ፣ ከሥሩ ማብራሪያ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ቃል። ማተሚያ ቤቱ ተራ ሰጥቷት ነበር። ሥራውን ሰኞ ጠዋት አሟልታ ካላስረከበች ግን ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ እሷ ለሚቀጥለው ዓመት ትጠብቃለች። አሥራ አራቱ ተማሪዎቿ ጠዋት በገባች ቁጥር በጣታቸው “መቼ?” ይሏታል። “ሰኞ” ስትላቸው ጠረጴዛ ይደበድባሉ።

ታዲያ ከስድስት ወር በፊት ፖስታዎቹ ሲታደሱ፣ “ወንድሜ፣ መዝገበ ቃላቱን ኮፒ አድርገህ ለጋሼ ስጥልኝ” ብላኝ ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች። አደረግሁ። ፎልደሩን ከስክሪኑ ላይ ጎትቼ ፍላሹ ላይ ጣልኩት፤ በአንድ ጥቅሻ አለቀ። ስድስት ዓመት በአንድ ጥቅሻ ሲያልቅ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ኮምፒውተሯ “ጥጥ… ጥጥ…” አለና ጨለመ። ዓርብ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ክዳኑን ከፈተ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ራሱን ነቀነቀ። “ዲስኩ አልቆለታል፤ ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም” አለ። “ግልባጭ አላችሁ?”

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ ግን ሳቅሁ! “በደንብ አለን እንጂ!” አልኩ ደረቴን ነፍቼ። “በታሸገ ፖስታ!” እንዲያውም ክቡርነታቸውን በልቤ አመሰገንኳቸው፤ ለካስ እኚህ ሰውዬም ይጠቅማሉ ብዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ቆርቆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች። ወሬው ተሰምቶ ስለነበር ምድር ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የተረፈው ሰው ደረጃው ላይ ቆሟል። ጋሼ ፖስታውን ተቀበሉ፣ ፊርማውን አዩ፣ በመቀስ ከፈቱ፣ ፍላሹን ሰኩ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፎልደር ብቅ አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እሳቸው አላጨበጨቡም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው የፎልደሯን ጥግ አዩ። ጥጓ ላይ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ጎበጥ ያለች ቀስት ነበረች። ፎልደሯን ሁለቴ ነኳት። ኮምፒውተሩ “የተፈለገው ነገር በቦታው የለም” አለ።

እኔ የገለበጥኩት መዝገበ ቃላቱን አልነበረም። መዝገበ ቃላቱ ያለበትን ቦታ የምትጠቁመውን ምልክት ነበር። ዕቃው የሞተው ዲስክ ላይ ቀርቷል፤ ፍላሹ ላይ ያለችው “እዚያ ነው” የምትል ጣት ብቻ ናት። ስድስት ወር ሙሉ አሽገን፣ ፈርመን፣ ከመርፌ ጋር ያስቀመጥነው አንዲት ቀስት ነው። ለሰው ዐይን አበጃለሁ እያልኩ የምኖር እኔ፣ ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያቺን ቀስት አላየኋትም!

“አድርጌዋለሁ ብለኸኝ ነበር” አለች እህቴ።

“አድርጌዋለሁ እኮ… ማለቴ…”

አልጮኸችም። ቀኝ እጇን አንሥታ አንድ ምልክት አሳየችኝ። ትርጉሙን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። “ልጆቹን ሰኞ ምን ብዬ ነው የማያቸው?” አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ጋሼ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። መብታቸውም ነበር፤ የሦስት ቅዳሜ ዕዳ ነበረብኝ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ፤ እኔው የሠራሁላቸው መነጽር ነው፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

“አይዞህ” አሉኝ። “እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ ይህንኑ ሠርቻለሁ። አለቃዬ የአንድ መደርደሪያ መዝገብ ገልብጠህ ወደ ሌላው ሕንፃ ላክ አሉኝ። የመውጫ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ቸኮልኩ። የየመዝገቡን ሽፋን ብቻ ገልብጬ፣ አሽጌ ላክሁ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ማን ከፍቶ ያያል? ሁለት ዓመት ቆይቶ ጣራው አፈሰሰና መደርደሪያው በሰበሰ። በወሩ አንዲት ሴት የሟች ባሏን የአገልግሎት መዝገብ ፈልጋ መጣች። ግልባጩን አስመጣሁላት። ሽፋን! ስሙ ተጽፎበታል፣ ውስጡ ባዶ። ሴትየዋ ይዛው ብዙ ቆየች። ‘ስሙስ የሱ ነው’ ብላ መልሳ ሰጠችኝና ሄደች።”

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

“ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰው ደረጃ ላይ አቆማለሁ” አሉ። ያወጣሁላቸው ስም በዚያች ደቂቃ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረ።

ከዚያ ወደ እህቴ ጎንበስ አሉ። “ልጄ፣ ረቡዕ ረቡዕ እኔ ዘንድ የምታሳትሚውን ታስታውሻለሽ?”

እህቴ እጇን ከፊቷ አነሣች። በየሳምንቱ የጨረሰቻቸውን አዳዲስ ቃላት በክፍሏ ልጆች ላይ ለመሞከር በእሳቸው ፕሪንተር ታሳትም ነበር። “አዎ፣ ጋሼ።”

“ከማተሜ በፊት ምን እልሽ ነበር?”

“‘ላስቀምጠው?’”

“አንቺስ?”

“‘እንደ ፈለጉ’ እልዎ ነበር” አለች፤ አለችና ዘልላ ተነሣች። “ጋሼ! ሁሉንም?!”

“ሳትፈቅጂልኝ ያስቀመጥኩት የለም፤ ፈቅደሽልኝ የጣልኩትም የለም” አሉ እንደ ዳኛ ቀና ብለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ረጋ ብዬ ልጽፈው አልችልም። ክቡርነታቸው ቁም ሣጥናቸውን ከፈቱ። ልብስ ሰፊዋ በሰፋችላቸው ከረጢት የታሰሩ ሰባት ዲስኮች! ከጎናቸው ጡብ የሚያክል መዝገብ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የገጽ ብዛት፣ ፊርማ። አንዳንዱ ረቡዕ አምስት ቃል፣ አንዳንዱ ሃያ፤ የታረመው ከነእርማቱ፣ ፎቶው ከነጽሑፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔ ያፈሰስኩትን ሕንፃው ሊለቅም ተቀመጠ። የጥርስ ሐኪሙ ከመዝገቡ ቀኑን ያነባል፤ ጋሼ ዲስኩን ሰክተው ፋይሉን ያወጣሉ፤ እህቴ በእጅ የተጻፈ የቃላት ዝርዝሯን ይዛ ትሰርዛለች፤ ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ቁጥሩን ወደ ደረጃው ትጮኻለች። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ምንም ነገር አለመንካት ነበር።

“ሁለት መቶ አሥር!” ስትል ልብስ ሰፊዋ፣ ሾፌሩ ከሁለተኛ ፎቅ “ሁለት መቶ አሥር!” ይላል፤ ከላይም “ሁለት መቶ አሥር!” እያለ ጣሪያ ይደርሳል። አምስት መቶ ላይ እልልታ ሆነ። ስምንት መቶ ላይ የመንታዎቹ አባት አንዱን መንታ በደስታ ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበውና እናትየዋ ቆጣችው። አንድ ሺህ ሲሞላ የጥርስ ሐኪሙ ያን የተከበረ መዝገብ ሳመው! ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ፋይል ገባ፤ ሁሉም ወደ አንድ አዲስ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። ሰማንያ ከመቶ። ዘጠና። ዘጠና ዘጠኝ። ዘጠና ዘጠኝ። አሁንም ዘጠና ዘጠኝ! ሰው ሁሉ ሳይተነፍስ ያቺን ቁጥር እያየ፣ እኔ የልብስ ሰፊዋን ክንድ ጨምድጄ ይዤ፣ ድንገት፣ “መቶ!”

ጩኸቱ ለጎረቤት ሕንፃ ተረፈ። እህቴ ጋሼ አንገት ላይ ልትጠመጠም ስትል በመዳፋቸው አስቆሟት።

“ጸጥ በሉ! ገና አልተመለሰም።”

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። እህቴ ያረፈበትን ፋይል ሁለቴ ነካችው። ተከፈተ። ሁለት ትንንሽ እጆች፣ አንደኛው ጣት በፕላስተር የተጠቀለለ፤ ከሥሩ “ጓደኛ” ይላል። “ይኼ የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ጣቱን በር ቆርጦት የነበረ ጊዜ” አለች እህቴና አለቀሰች። ማንም አላፈረ፤ ሁላችንም አለቀስን። “ጧ!” አለ ማኅተሙ።

ልብስ ሰፊዋ ስትደምር አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት የጋሼ ፕሪንተር ቀለም አልቆ ስለነበር አሥራ አንድ ቃላት አልተገኙም። ጋሼ በጣም አዘኑ፤ ቀለሙን በጊዜው አለመግዛታቸውን እንደ ወንጀል ቆጠሩት። እህቴ ግን እንባዋን ጠርጋ፣ “እጅ ሞልቶ የለም እንዴ?” አለች። እሑድ አሥራ አንዱን ቃላት በጎረቤቶቿ እጅ እንደገና ፎቶ አነሣቻቸው። የልብስ ሰፊዋ እጅ “ማበጠሪያ” ሆነ፤ የሐኪሙ “ዝገት”። የጋሼ እጅ፣ የማኅተም ቀለም ያልለቀቀው አውራ ጣታቸው በግልጽ እየታየ፣ “ዳግመኛ” የሚለው ቃል ላይ ወጣ። ለእኔ የደረሰኝ “ሰነፍ” ነው። ቃሉ ከጠፉት መሀል እንኳን አልነበረም፤ “የድሮው ፎቶ ጥሩ አልነበረም፣ እንቀይረው” ብላ ነው።

ሰኞ ጠዋት አስረከበች። መጽሐፉ ታተመ። አሥራ አራቱ ልጆች ጠረጴዛ ሲደበድቡ አብሬ ነበርኩ፤ እጄን እንዳዩም ከመጽሐፉ ጋር አስተያይተው ማን እንደሆንኩ ወዲያው ለዩኝ።

ባለፈው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ሱቄን ዘግቼ እቤት ዋልኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ነጠላ ጫማው አልተሰማም። ሦስት ተኩል ሆነ። ቴሌቪዥኑን ቀነስኩ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። ያን ድምፅ ስንት ዓመት የሸሸሁት ሰው፣ ዝም ሲል መቀመጥ አቃተኝ። የሐኪሙን ፖስታ ከካልሲዎቼ ሥር አውጥቼ ወጣሁ። ልብስ ሰፊዋ ቆርቆሮዋን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች። ሐኪሙ ከላይ እየወረደ ነው። ሾፌሩም፣ የመንታዎቹ አባትም፣ የቀሩትም ቤቶች ሁሉ ፖስታ ፖስታቸውን ይዘው ወጥተዋል። ተያይዘን ወረድን።

አንኳኳሁ። ብዙ ቆይተው ከፈቱ። ብርድ ልብስ ተከናንበዋል፣ አፍንጫቸው ቀልቷል።

“ጋሼ፣ ምነው? ምን ሆኑብን?”

“ጉንፋን ነው፣ ምን እሆናለሁ” አሉና አስነጠሱ። አሥራ ሁለቱን ፖስታዎች በየእጃችን አይተው ግን ፊታቸው ተለወጠ። “ቆይ፣ ሳልመጣ ስቀር ጊዜ ሥራው ቆመ ማለት ነው?”

“ከእርስዎ ሌላ ማን አለን ጋሼ!” አልኩ። ድምፄ ተሰበረ፤ ይሰበር።

“ይኼን ነው የማስተምራችሁ? አንድ ነገር በአንድ ቦታ ብቻ?” ብለው ተቆጡ። እየተንገዳገዱ ገቡና ባርኔጣቸውንና ማኅተሙን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ለእኔ አስታቀፉኝ። ለእኔ፣ ለቀስት ገልባጩ!

የት እንደምጀምር አላወቅሁምና ከቀረበኝ በር ጀመርኩ።

“ጋሼ” አልኩ፣ “እርስዎስ ግልባጭ አለዎት?”

አፍንጫቸውን ጠረጉ።

“ዛሬ ገና አገኘሁ” አሉ። “በል፣ ማኅተሙ ያለፈው ወር ላይ ነው ያለው። ቀኑን ቀይር።”

ቀየርኩት።